አሜሪካ ውስጥ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል ብር) የወሰዳችሁ፣ ታክስ ላይ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ፌብሩዋሪ ሲገባ ሰው ታክስ እንድሠራለት ደብሊው ቱውን (መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የደመወዝ ወረቀት) ብቻ ይዞ ይመጣል። ሌላ ገቢ አለህ ወይ ስለው የለም ይለኛል፣ ልጨርስለት ስል "ያው አራት ወር አንኢምፕሎይመንት ላይ ነበርኩ" ይላል። እሱ እኮ ገቢ ነው! "መንግሥት የሰጠኝ እርዳታ ነው" የሚለውን ወሬ ማን እንደሚያዛምተው አላውቅም፣ ፌዴራል ከ1987 ጀምሮ ሙሉውን ታክስ ያደርገዋል። ስቴቱ የወሰዳችሁትን የሚያሳይ 1099-ጂ የሚባል ፎርም ያወጣል፣ ኮፒው አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋ ይገባል፣ እናንተ ብትተዉትም እነሱ ያውቁታል። "በፖስታ አልመጣልኝም" ምክንያት አይሆንም፣ ብዙ ስቴት አካውንታችሁ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ገብታችሁ አውርዱት። አንዲት እህታችን ሳታስገባው ሪፈንዷን (ተመላሽ ታክሷን) ወስዳ ጨርሳዋለች፣ ከዓመት በኋላ ከአይአርኤስ ሲፒ 2000 የሚባለው፣ ያላስገባሽው ገቢ አለ የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ታክሱ ከነወለዱ። ፖስታውን ፈርታ ሳትከፍተው ነው ያመጣችልኝ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም አሳዘነችኝ፣ ስትመጣ ያንን አንድ ወረቀት ብትነግረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሌላው ስህተት ከሚከፈላችሁ ብር ላይ ታክስ አለማስቆረጥ ነው። ስታመለክቱ ወይ በደብሊው-4ቪ ፎርም 10 ፐርሰንት ይቆረጥልኝ ማለት ትችላላችሁ፣ ከዛ በላይም በታችም አይሆንም። ሥራ የሌለው ሰው እያንዳንዷ ዶላር እንደምታስፈልገው አውቃለሁ፣ እኔም በ2020 ያንን በኮቪድ ጊዜ የተጨመረውን የሳምንት 600 ዶላር ጨምሮ ምንም ሳላስቆርጥ ጨርሼዋለሁ። ያዳነኝ በማርች 2021 የወጣው ሕግ ነው፣ ገቢው ከ150,000 በታች ለሆነ ሰው እስከ 10,200 ዶላር ነፃ አደረገ። ግን ለ2020 ብቻ ነበር፣ ዛሬም ድረስ እሱን ቀንስልኝ የሚለኝ አለ፣ የለም፣ አልቋል።

ባል ወይ ሚስት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ 10 ፐርሰንቱ ላይበቃ ይችላል። 20 ሳምንት በ400 ዶላር 8,000 ነው፣ ተቆርጦ የገባላችሁ 800፣ የሁለታችሁ ገቢ ተደምሮ ያ ብር 22 ፐርሰንት የሚከፈልበት የታክስ እርከን ላይ ካረፈ ግን የሚፈለገው 1,760 ነው። የሚሠራው ሰው መሥሪያ ቤቱ ላይ ትንሽ ጨምሮ ቢያስቆርጥ ኤፕሪል ላይ አትደነግጡም።

የስቴት ታክስ ላይ የጓደኛ ምክር አትስሙ። ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ አንኢምፕሎይመንት ላይ ታክስ አይጠይቁም፣ ሜሪላንድና ዲሲ ይጠይቃሉ፣ ከቨርጂኒያ ወንዙን ተሻግራችሁ የምትኖሩ ልብ በሉ።

ልጅ ያላችሁ፣ ይሄ ብር ሠርቶ እንደተገኘ ገቢ ስለማይቆጠር ኢአይቲሲው (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት) ላይ ሪፈንዳችሁ ካምናው ሊለይ ይችላል።

ሳታመለክቱ የአንኢምፕሎይመንት 1099-ጂ ከመጣላችሁ ሰው በስማችሁ ወስዶበት ሊሆን ይችላል፣ ያልተቀበላችሁትን ብር አታስገቡ፣ ቶሎ ለስቴቱ አመልክታችሁ የተስተካከለ ፎርም ጠይቁ።

የምከፍለው ብር የለኝም ብሎ ታክሱን ፋይል ሳያደርግ (ሳያስገባ) የሚቀረውንማ ምን ልበለው! ፋይል ያለማድረግ ቅጣት በወር ካልተከፈለው ታክስ 5 ፐርሰንት ነው፣ ፋይል አድርጎ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ ፐርሰንት ብቻ። በኤፕሪል 15 አስገቡ፣ የቻላችሁትን ክፈሉ፣ ለቀሪው አይአርኤስ ኦንላይን ላይ በየወሩ የመክፈያ ፕላን ይሰጣችኋል።