ፍሎሮኢንዶልን በድሬ ሙቀት እንዴት እንመዝናለን?

5-ፍሎሮኢንዶል የተባለው የላብራቶሪ ዱቄት በ45 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ደጋ ላይ ላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ድሬዳዋ ግን በግንቦት ፀሐይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስቀመጣችሁት ብልቃጥ ከሰዓት ዘይት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ነገሩ ኢንዶል የተባለው ሽታ ያለው የካርቦን ውህድ ነው፤ አንዱ ሃይድሮጂን ወጥቶ በቦታው ፍሎሪን ገብቶበታል። እኛ የምንፈልገው ለኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ለመስጠት ነው። ባክቴሪያው ፍሎሪን ያለበት ትሪፕቶፋን (ፕሮቲን ከሚገነቡት አሚኖ አሲዶች አንዱ) ይሠራበታል፤ ከዚያ ፕሮቲኑን በኤንኤምአር፣ ማለትም ሞለኪውልን በማግኔት በሚመረምር መሣሪያ፣ መከታተል ይቻላል። መድኃኒት ሠሪዎችም ይህን ዓይነት የሞለኪውል ክፍል ይወዱታል፤ ቴዛካፍተር በተባለው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (በዘር የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ) መድኃኒት ውስጥ 6-ፍሎሮኢንዶል አለ።

ጓንት፣ መነጽር፣ ጋዋን። ቆዳን፣ ዓይንንና መተንፈሻን ስለሚያስቆጣ ሥራው ጭስ መሳቢያው ሥር ይሁን። የፊት ማስክ ሽታውን አያስቆምም፤ አትመኑት።

አሁን ዋናው ጣጣ። ብልቃጡን ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትክፈቱት። ቀዝቃዛ ዱቄት የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ እንደተከደነ ቅዝቃዜው ይውጣለት። ግን ረስታችሁት ምሳ እንዳትሄዱ! እኔ ሄጃለሁ። መስኮት ዳር ትቼው፣ ድሬ ከሰዓት እንደሚተኛው እኔም ተኝቼ ስመለስ ቀልጧል። ፍሪጅ መለስኩት፤ እንደ ድንጋይ ረጋ። በብረት ማንኪያ ስፈነቅለው ስባሪው ተስፈንጥሮ መነጽሬን መታው። መነጽር ባላደርግ ዓይኔ ነበር። ከረጋባችሁ አትፈንቅሉት። ብልቃጡን ከነይዘቱ መዝኑ፤ እዚያው በኤታኖል አሟሙታችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ መለኪያ ጠርሙስ አስተላልፉ፤ ባዶውን አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ የወሰዳችሁት መጠን ነው።

ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀምሩ። ቬንትሌተሩን አጥፉ። ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን ዱቄቱን ይበትናል፣ ሚዛኑንም ያወዛውዛል። ፕላስቲክ መመዘኛ አልወድም፤ በደረቅ አየር ዱቄቱ እየዘለለ ይጣበቅበታል። በቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ መዝኑ። 135 ሚሊግራም በኤታኖል ተሟሙቶ 10 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ይሰጣል። በውኃ ግን አትልፉ፤ እምብዛም አይሟሟም።

የተረፈውን በጥቁር ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ። ብርሃንና አየር ቀለሙን ወደ ቡናማ ይለውጡታል። ጠንካራ አሲድ አጠገቡ አይድረስ፤ ኢንዶሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ።

ቆሻሻው ለሃሎጅን (እንደ ፍሎሪን ላሉት) በተለየው ጀሪካን ይግባ። ከወረቀት ጋር ማቃጠል ክልክል ነው፤ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ቀልድ የለውም።

ጋዋናችሁን እዚያው ሰቅላችሁ ውጡ። ኢንዶል ሲቀጥን የጃስሚን አበባ ይሸታል ይባላል፤ ሲወፍር ግን ሽንት ቤት ነው። እኔ ጋዋኑን እንደለበስኩ ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ ዞሮ «አቦ፣ ምን ረግጠህ ነው የመጣኸው?» አለኝ።