አድራሻው 169.254 ብሎ ሲጀምር

ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል። ምልክቱም ሙሉ ነው። ግን አንድ ገጽ እንኳ አይከፈትም። ያኔ አብዛኞቻችን ራውተሩን ነቅለን እንሰካለን። ካልሆነ አቅራቢው ጋ ደውለን እንጨቃጨቃለን። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ የያዘውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ማየት። ቁጥሩ ራሱ ችግሩ ወዴት እንዳለ ይጠቁማል።

የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑ፤ «ሲኤምዲ» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። በሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያስቀመጥኩት አጠራራቸውን ነው።) ከሚዘረገፈው ጽሑፍ ሁለት መስመር ይበቃችኋል፦ «አይፒቪ4 አድሬስ» (የኮምፒውተሩ አድራሻ) እና «ዲፎልት ጌትዌይ» (ወደ ውጭ መውጫው በር፣ አብዛኛውን ጊዜ የራውተሩ ቁጥር)።

ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ

ይህን ቁጥር ማንም አልሰጣችሁም። ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ራውተሩ «192.168.1.23 ይሁንልህ?» ይለዋል። «እሺ፣ እወስደዋለሁ» ይላል። ራውተሩም «በል ለ24 ሰዓት ያንተ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ይኸው ንግግር ነው። የጊዜው ስምም ሊዝ ነው፤ እንደ መኖሪያ ቤት መሬት 99 ዓመት ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ሊዝ። ግማሹ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እኛን ሳይጠይቅ ያሳድሰዋል። ተጣርቶ መልስ ያጣ ዊንዶውስ ግን ከ169.254 አንዱን ቁጥር ለራሱ ያወጣል። በዚያ ቁጥር ኢንተርኔት የለም።

አሁን ስልካችሁን አምጡ። ዳታውን አጥፉና በዚያው ዋይፋይ ሞክሩት።

ስልኩም እምቢ ካለ ጣጣው ራውተሩ ጋ ነው። ነቅላችሁ ሰኩትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁት። ካልተስተካከለ በራውተሩ ገጽ ላይ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለው ጠፍቶ ይሆናል። ችግሩ፣ ያለ አድራሻ ገጹ አይከፈትም። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ «አይፒ አሳይንመንት» በሚለው ለጊዜው በእጅ ስጡት፦ አድራሻ 192.168.1.50፣ ማስክ 255.255.255.0። ከዚያ በብራውዘር 192.168.1.1 ክፈቱ። የራውተሩ ትክክለኛ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ 192.168.0.1 ከሆነ የእናንተም 192.168.0.50 ይሁን። ዲኤችሲፒውን ካበራችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ወደ አውቶማቲክ መመለስ እንዳትረሱ።

ስልኩ ከሠራ ደግሞ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም። «አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪሊዝ»፣ ቀጥሎ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪኒው» በሉ። (ማክ ላይ «ሪኒው ዲኤችሲፒ ሊዝ» የሚል ቁልፍ አለ።) በኬብል ከሆናችሁ የሶኬቱን መብራት እዩ። መብራቱ ሞቶ ከሆነ ሌላ ነገር አትነካኩ፤ ኬብሉን ቀይሩ። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ኬብሉ የገባ ይመስላል እንጂ አይነካም።

ይህም ካልፈታው «ሰርቪስስ» የሚለውን ከፍታችሁ «ዲኤችሲፒ ክላየንት» የሚለውን ፈልጉ። «ራኒንግ» እና «አውቶማቲክ» ማለት አለበት። ቆሞ ከተገኘ አስነሱት። በቅርቡ ቪፒኤን ወይም አንቲቫይረስ ጭናችሁ ከነበር አንሱትና ሞክሩ። የመጨረሻው መድኃኒት ጥቁሩን መስኮት በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ «ኔትሽ ዊንሶክ ሪሴት» እና «ኔትሽ ኢንት አይፒ ሪሴት» ብሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። በእጅ የገባ አድራሻ ካለ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱት።

ቀድሞ የገባው ይሠራል፣ ኋላ የመጣው አይሠራም

ይህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ዋይፋይ ለሦስት አራት ቤት ሲዘረጋ የሚመጣ ነገር ነው። በዓል ሲሆንም ይብሳል። ራውተሩ የመጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 እስከ 149 የሆኑ አድራሻዎችን እንዲሰጥ ከተደረገ ያለው 50 አድራሻ ብቻ ነው። ቡና ጠጥቶ የሄደ እንግዳ ስልክ፣ ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ እየተኛ እንኳ፣ ሊዙ እስኪያልቅ ቦታውን ይዞ ይቆያል። በራውተሩ ገጽ ላይ መነሻውን 20፣ መድረሻውን 250 አድርጉት። የሊዙን ጊዜ ወደ 120 ደቂቃ አውርዱት። ሳታስፈቅዱ የይለፍ ቃሉን ለሠፈሩ የሚያድለው ማን እንደሆነ ማጣራቱ የእናንተ ፋንታ ነው።

ከቢሮ የመጣ ላፕቶፕ

ቁጥሩ 169.254 አይደለም፤ ግን ስልካችሁ 192.168.1 ሲል እሱ 10.20 ምናምን ይላል። የቢሮው ሰው በእጅ ያስገባው አድራሻ ነው። «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» ብትሉ «ዲኤችሲፒ ኢነብልድ» ከሚለው ፊት «ኖ» ታገኛላችሁ። ሴቲንግስ ውስጥ «አይፒ አሳይንመንት» የሚለውን ወደ አውቶማቲክ መልሱ። ከሥሩ ያለው ዲኤንኤስም (የገጾችን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው) እንዲሁ። ነገ ቢሮ ሊያስፈልግ ስለሚችል የድሮውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።

ቁጥሩ ደህና ነው፣ ጌትዌዩ ግን ሌላ ነው

በዚህኛው አንድ ሙሉ ምሽት አባክኛለሁ። መኝታ ቤት ዋይፋይ አልደርስ ቢል አሮጌ ራውተር አወጣሁና በኬብል ከአዲሱ ጋር አገናኘሁት። የእኔ ላፕቶፕ ይሠራል። የእህቴ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። «ኢንተርኔታችሁ ይቆራረጣል» ብዬ ደውዬ ጮህኩ። ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ የእኔ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ የእሷ 192.168.0.1! አሮጌው ራውተርም አድራሻ ያድላል ለካ። ስትጣራ ቀድሞ የመለሰላት እሱ ከሆነ፣ ወደ ውጭ መውጫ ወደሌለው በር ይልካታል። ማደሉን እንዲያቆም ዲኤችሲፒውን አጠፋሁበት፤ የራሱን አድራሻም 192.168.1.2 አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። አቅራቢውን ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

«የአድራሻ ግጭት» የሚል መልእክት

ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው በእጅ አድራሻ የተሰጠው ፕሪንተር ወይም ካሜራ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ይከሰታል፤ ራውተሩ የሰጠውን መዝገብ ሊረሳ ይችላልና። ፕሪንተሩን ወደ አውቶማቲክ መልሱትና ቁጥሩ እንዳይቀያየር በራውተሩ ገጽ ላይ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» በሚለው አስይዙለት።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ካልሠራ

በጥቁሩ መስኮት ላይ «ፒንግ» ብላችሁ የጌትዌዩን ቁጥር አስከትሉ፤ «አለህ?» ብሎ መጣራት ነው። መልስ ካገኛችሁ ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን ሞክሩ። እሱም ከመለሰና ገጾች ብቻ ካልተከፈቱ፣ ጉዳዩ የዲኤንኤስ እንጂ የአድራሻ አይደለም። ጌትዌዩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ግን አሁን መደወል ትችላላችሁ። «ራውተሩን ነቅለው ይሰኩት» ሲሏችሁ፣ ጌትዌዩ እንደሚመልስና ከዚያ ወዲያ ግን እንደማይወጣ ንገሯቸው።