ጡረታ ወጥተው መጻፍ ለጀመሩ፦ ሐሳብ የሚያደርቁ ስህተቶች

ጡረታ በ60 ይመጣል። ልጆች ወጥተዋል፣ ከመሃል ከተማው የቀበሌ ቤት ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተገብቷል፣ ቀኑም ረዝሟል። እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ብዙ ሰው ደብተር ይገዛል፤ ወይ ስልኩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ሁለት ገጽ ሳይሞላ ግን ያቆማል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ምን አለኝና ነው የምጽፈው?»

ይህን አልቀበልም። 70 ዓመት የኖረ ሰው የሚጽፈው አያጣም። የት እንደሚፈልገው ነው የሚቸግረው። ሰፈራችን ውስጥ መጻፍ ከሚሞክሩ ታላላቆች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ፤ ልንገርዎት።

ትልቅ ታሪክ መጠበቅ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «እኔ ሚኒስትር አልነበርኩ፣ ጦር አልመራሁ» ይላሉ። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ተማሪ የነበሩ፣ በ1967 በእድገት በኅብረት ገጠር የዘመቱ ሰዎች ናቸው እኮ! «ይሄማ ሁሉም ያየው ነው» ብለው ይተዉታል። ቢጽፉትም እንደ ታሪክ መጽሐፍ ነው የሚጽፉት፤ መንግሥት ይህን አወጀ፣ ከዚያ ይህ ሆነ። እሳቸው ግን የሉበትም።

አንድ ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ ናቸው። መጀመሪያ የጻፉት ስለ ፋብሪካው ነበር፤ ስንት ማሽን እንደነበረ፣ ምን ያህል ጨርቅ በቀን ይወጣ እንደነበር። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ባለቤታቸው ጣልቃ ገቡ። «ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር። ደጅ ቆሞ በነጠላዬ ሳላራግፈው አላስገባውም። ልጆቹ ጥጡን ከፀጉሩ እየለቀሙ ኳስ ይሠሩበት ነበር» አሉ። ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፦ ማሽኑ ጆሮ ስለሚደፍን በእጅ ምልክትና በከንፈር እንዴት ይግባቡ እንደነበር፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ጓደኛ ማን ይሸፍንለት እንደነበር፣ ምሳ ዕቃቸውን የት ቦይለር ላይ ያሞቁት እንደነበር፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሲቆም ደግሞ እሁድ እሁድ ቤታቸው ጸጥ ሲል ጆሯቸው እንዴት ይጮህባቸው እንደነበር። ይሄ ነው ጽሑፍ። የትም መዝገብ ላይ የለም፤ ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ስለ ሕይወቴ ልጻፍ» ብለው አይቀመጡ። ስለ ምሳ ዕቃዎ ይጻፉ። ክዳኑ ይገጥም ነበር? ከማን ጋር ይካፈሉት ነበር? ከዚያ በኋላ ያለው ራሱ ይጎትትዎታል።

«የተወለድኩት በ…» ብሎ መጀመር

ከውልደት ተነስቶ በቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ይደክመዋል። ትዝታ በሰልፍ አይመጣም። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ባለው ጊዜ የሆነውን ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደሞዝ፣ ከቤት መውጣት፣ ትዳር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እሱን ያንኳኩ፤ ልጅነቱ በኋላ ይደረስበታል።

«ዓመተ ምሕረቱ አልታወሰኝም» ብለው የሚቆሙም አሉ። ድሮስ ቢሆን እኛ አገር ዘመን የሚቆጠረው በቁጥር ነበር? በሆነ ነገር ነው እንጂ። «ብር የተቀየረ ጊዜ» እንላለን። እሱኑ ይጠቀሙበት። የንጉሡ ምስል ያለበት ብር በ1969 ተለወጠ። በ1990 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ የእኛም ብር ተቀየረ። በ2013 መስከረም ደግሞ እንደገና ተቀይሮ ባለ 200 ብር ኖት መጣ። በእያንዳንዱ ጊዜ የት ነበሩ? ደሞዝዎ ስንት ነበር? ዘመድ ውስጥ ፍራሽ ሥር ደብቃ የቆየች፣ በመጨረሻው ቀን ባንክ የሮጠች ማን ነበረች? ከዚህ ብቻ ሦስት ጽሑፍ ይወጣል።

ድሮን ብቻ መቆፈር

እርጅና የሚያወራው ስለ ድሮ ብቻ ነው ያለው ማነው? የዛሬው ኑሮዎ አዲስ ነው። ከተማው ጫፍ ላይ ያለ ሰው በመስኮት በአንድ በኩል አምስት ፎቅ ያያል፣ በሌላው የጤፍ ማሳ ያያል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይሰማል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው የሚቆዩት ለጥቂት ጊዜ ነው። በርበሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ይሰጣል? ለፋሲካ በጉ የት ይታረዳል፣ የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ (ኮሚናሉ) ቢያዝስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን የሚሞላው ማነው? ከልደታ፣ ከአሜሪካ ግቢ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከየትም የመጣ ሰው አንድ ደረጃ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ ምን ይባባላል? እነዚህን ማንም እየጻፋቸው አይደለም። የሃይገር ሰልፍ ላይ ቆመው የሚሰሙት ወሬ ብቻ እንኳ ለሳምንት ይበቃል።

ሐሳቡ ሲመጣ «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» ማለት

ቤት ሲገቡ የለም። ደብተር ማውጣት ከከበደ ስልክዎ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ፤ ሁለት አረፍተ ነገር ተናግረው ያስቀምጡ። የጎግል ኪቦርድ አማርኛ ሲናገሩ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ዓይናቸው ለደከመና ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሳሳታል፤ የልጅ ልጅ ያርመዋል።

ብቻን ቁጭ ብሎ ማሰብ

ባዶ ወረቀት ላይ አፍጦ መቀመጥ ሐሳብ አያመጣም። ሰው ነው የሚያመጣው። የድሮ ፎቶዎቹን ያውጡና ይገልብጧቸው፤ ጀርባቸው ላይ «ለማይረሳኝ ወንድሜ መታሰቢያ ትሁን» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን፣ አንዳንዴም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያገኛሉ። ከዚያ ፎቶው ላይ ካሉት በሕይወት ላለው ሰው ይደውሉ። «ያን ቀን የማንን ኮት ነበር የለበስከው?» ብለው ይጠይቁ። ኮቱ የተዋሱት እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ያኔ ለፎቶ ልብስ መዋዋስ የተለመደ ነበር። ታሪኩ እሱ ውስጥ ነው።

ዕድርም አለ። አዲስ ሰፈር ላይ ዕድር ሲመሠረት ማን ሰበሰበ፣ መዋጮው ላይ ምን ክርክር ተነሳ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በምን ተገዛ? ጸሐፊው ጋ ሄደው መዝገቡን ያገላብጡ።

የቢሮ አማርኛ መጻፍ

30 ዓመት ደብዳቤ ሲያረቅቅ የኖረ ሰው ስለ እናቱ ሲጽፍም «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይላል። እጅ ለምዶ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ለእህትዎ እንደሚያወሩት በድምፅ ያውሩት፣ ቀጥሎ ይጻፉት።

ስብከትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «የዛሬ ልጅ እንዲህ ነው» ብለው የጀመሩት ጽሑፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆማል፤ ልጆችም አያነቡትም። አባትዎ እንዴት እንደቀጡዎት ይንገሩን፤ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዉት።

ከሚያመው መጀመር

ይህን ስናገር ተጠንቅቄ ነው። በቀይ ሽብር ወንድሙን ያጣ፣ ጦር ሜዳ የቆየ፣ ልጅ የቀበረ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ «መጻፍ ማለት እሱን መጻፍ ነው» ብሎ በመጀመሪያው ቀን እዚያ ይገባል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል፣ ደብተሩንም ዳግም አይነካውም። ግዴታ የለብዎትም። ስለ ወንድምዎ ለመጻፍ ከሞቱ መጀመር የለብዎትም፤ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ብስክሌት ላይ ከኋላ አስቀምጦ የት ይወስድዎ እንደነበር ይጻፉ። ያኛው ሲደርስ ይደርሳል፤ ባይደርስም ምንም አይደለም። ከጻፉት ደግሞ በዚያ ቀን ብቻዎን አይሁኑ፤ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር።

የሌላ ሰው ገመና

የእርስዎ ትዝታ ውስጥ ሌሎችም አሉ። የእህትዎ የፈረሰ ትዳር፣ የልጅዎ የሱስ ዘመን፣ የጎረቤት ጠብ። ለራስዎ ደብተር ይጻፉት፤ ችግር የለውም። ለሰው ከማሳየትዎ በፊት ግን ባለቤቱ በሕይወት ካለ ቁጭ ብለው ያንብቡለት። «ይሄን አውጣልኝ» ካለ ያውጡለት። ሲያነቡለት «እንዲህ አልነበረም እኮ» ብሎ የራሱን ከጀመረም ብዕርዎን ያንሱ፤ እሱ የሚለውንም ጎን ለጎን ይጻፉት።