ፍሬኑ ባሕር ዳር ላይ ደህና ነበር

ከተማችን ሜዳ ናት። ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ ፍሬን የሚያደክም ቁልቁለት የለም። ስለዚህ ያረጀ የፍሬን ዘይት እዚህ ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። የሚጋለጠው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀመር ነው።

ምልክቱ፦ ፔዳሉ እየለሰለሰ ሄዶ ወለል ይነካል። ቆማችሁ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እኔም የደረሰብኝ ይሄው ነው። ከመነሳቴ በፊት ጋራዥ አሳይቼ «ዘይቱ ሙሉ ነው» ተብያለሁ። እውነትም ሙሉ ነበር። ስንት ዓመት እንደቆየ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ምክንያቱ፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መስፈርቱ አዲስ ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ያዛል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሩ 230 እና 155 ነው። የዓባይ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ብቻ እየያዛችሁ ከወረዳችሁ ውሃ የጠጣ ዘይት ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እግራችሁ እሱን ይጨምቃል እንጂ ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ አይገፋም።

መፍትሄው፦ እዚያው ላይ ከሆናችሁ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ርገጡ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ያዙ። ስትቆሙ የጋለውን ጎማ ውሃ አትርጩበት። ከዚያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፤ አሮጌው ላይ መጨመር አይጠቅምም። በየ2 ዓመቱ መቀየር ይበቃል። እኔ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ አስቀይራለሁ።

ዘይቱ ቀስ እያለ ከጎደለ ሸራው እያለቀ ሊሆን ይችላል። ሳትጨምሩ ሸራውን አሳዩ። በቀናት ውስጥ ከጎደለ ግን ፍሳሽ አለ፤ የጎማውን የውስጥ ጎን እዩ፣ እርጥብ ከሆነ አትንዱ። ባጃጅም ቢሆን ያው ነው።

ዘይቱ ሳይጎድል፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ ቀስ እያለ ከሰመጠ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማሸጊያው፣ አልቋል።

ስትገዙ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን እዩ። ዶት 3 የሚለው ላይ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ደግሞ በፍጹም! ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ። ወንበር ስር የከረመውን ትራፊ አትመኑት።