ኔማቶድን የሚቋቋም የድንች ዝርያ እንዴት ይመረጣል?

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በጣርማበርም ሆነ በመንዝ ድንች የሚያመርት ገበሬ «በሽታን ይቋቋማል» የተባለ ዝርያ ሲቀርብለት፣ አስቀድሞ የትኛውን በሽታ እንደሆነ ይጠይቅ። ጉደኔና በለጠ የታወቁት ቅጠል የሚያደርቀውን ሌት ብላይት በመቋቋም ሲሆን፣ ይህ ችሎታ ሥር ስለሚወጋው ጥቃቅን የአፈር ትል፣ ስለ ኔማቶድ፣ አንዳች አይነግረንም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ትሉን በመለየት ነው። ድንቹ ሲያብብ፣ ከቀጨጨውና ቢጫ ከሆነው የማሳ ክፍል ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው በአካፋ አውጥቶ፣ ሥሩን ሳይጎትቱ ባልዲ ውኃ ውስጥ ማጠብ ያስፈልጋል። ሥሩ ካበጠና የድንቹ ልጣጭ ከተጎረበጠ ሥር አሳባጩ ኔማቶድ ሊጠረጠር ይችላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ነጭ ወይም ወርቃማ እንክብሎች ከሥሩ ላይ ተጣብቀው ከታዩ ግን የሚጠረጠረው ቋጠሮ ሠሪው ኔማቶድ ነው (እንክብሎቹ እንቁላል የቋጠሩ ሴት ትሎች ናቸው)፤ ወርቃማ የሚሆነው ግሎቦዴራ ሮስቶኪየንሲስ፣ ከነጭ ወደ ቡናማ የሚለወጠው ደግሞ ግሎቦዴራ ፓሊዳ ይባላል። የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. በኬንያ መገኘቱ ስለተዘገበ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው አፈሩን ወዲያ ወዲህ ሳያጓጉዝ ለዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ያሳውቅ።

ይህን ልዩነት ማወቅ የሚያስፈልገው ድንቹ ትሉን እንዲቋቋም የሚያደርጉት ዘረ መሎች መራጭ ስለሆኑ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ድንች በማዳቀል የተገኘው ኤች1 የተባለው ዘረ መል፣ ትሉ ሊመገብባቸው ያዘጋጃቸውን የሥር ሕዋሳት ከምግብ ስለሚቆርጣቸው ሴቷ ሳታድግ፣ እንቁላልም ሳትቋጥር ትቀራለች። ሥሩ የሚያመነጨው ፈሳሽ በአፈር ያለውን እንቁላል ስለሚያስፈለፍል፣ እንዲህ ያለው ዝርያ ማሳውን ጦም ከማሳደር ይልቅ ትሉን ቶሎ ይቀንሳል። ይሁንና ኤች1 ፓሊዳን አይገታም፤ በእንግሊዝ አገር ይህን ዘረ መል የያዘው ማሪስ ፓይፐር የተባለ የድንች ዝርያ በሰፊው ሲዘራ ወርቃማው ተዳክሞ ፓሊዳ ቦታውን ወሰደ።

ትሉ ከታወቀ በኋላ፣ እዚያው በተበከለው ማሳ አጠገብ እኩል መጠን ባላቸው ማሰሮዎች ያንኑ አፈር ሞልቶ፣ በአንዱ ተጠቂነቱ የታወቀ፣ በሌላው የታሰበውን ዝርያ ተክሎ ውኃውን እኩል ማጠጣት ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሥሩን ጓል ገልብጦ እንክብሎቹን መቁጠር ይገባል። በአውሮፓ መለኪያ ከፍተኛውን 9 ነጥብ የሚያገኘው፣ ከተጠቂው ጋር ሲነጻጸር የትሉ ቁጥር ከመቶ አንድ የማይበልጥበት ዝርያ ነው። ለምልሞ መታየቱ ግን ያታልላል፤ ጉዳቱን ችሎ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ተክል ትሉን እያራባ ሊሆን ይችላል።

በቋጠሮ ሠሪው ላይ ገብስና ባቄላ እያፈራረቁ መዝራት ያግዛል፤ ባቄላ ግን ሥር አሳባጩን ስለሚያስተናግድ ለእርሱ አይሆንም። በመካከሉ የሚበቅለው ወፍ ዘራሽ ድንችም ትሉ በሥሩ ላይ ቋጠሮ ከማፍራቱ በፊት ይነቀል።