ፍሬን አልይዝ ሲል ሽቦ ከማጥበቅ በፊት

ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በሳይክል የወረደ ሰው የፍሬን ነገር ይገባዋል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ታክሲው ደግሞ ተሳፋሪ ሲያይ ድንገት ይቆማል። የኮርሳ ሳይክል ቸርኬውን የሚጨብጠው ፍሬን ሲደክም ብዙ ሰው ሽቦ ማጥበቅ ይቀናዋል። እኔ ከጽዳት ጀምሩ እላለሁ።

እጀታው በደንብ ይጨመቃል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቆሻሻ ነው። ክረምት ላይ መንገድ ዳር የፈሰሰ ናፍጣና ዘይት ከጭቃ ጋር ቸርኬው ላይ ይለጠፋል። ሰንሰለት ላይ የሚረጭ ዘይትም እዚያው ይደርሳል።

ቸርኬውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ሲደርቅ ንጹህ ጨርቅ አልኮል አስነክታችሁ የፍሬኑ ላስቲክ የሚያርፍበትን ዳር ጥረጉ። ጨርቁ መጥቆሩን እስኪያቆም ድገሙት። ከዚያ ላስቲኩን ፈታችሁ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ከቸርኬው የተላጠ አሉሚኒየም ነው። በመርፌ ነቅላችሁ አውጡት፤ ከተዋችሁት ቸርኬውን እየሞረደ ይበላዋል። ፊቱ እንደ መስታወት ከለሰለሰ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር እስኪል ፈትጉት። ቸርኬያችሁ ካርቦን ከሆነ ለካርቦን የተሠራ ላስቲክ ብቻ ግጠሙ።

አዲስ ዕቃ ሳይገዛ በዚህ ብቻ ነፍስ የሚዘራ ፍሬን ብዙ ነው።

እጀታው መሪው ድረስ ይመጣል

ጎማ ለማውጣት የምትከፈተዋ የፍሬኑ ትንሽ ማንሻ ክፍት ቀርታ እንዳይሆን መጀመሪያ እሷን እዩ። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ላስቲኩ አልቋል፣ ቀይሩት። አዲሱ ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ጎማውን ከነካ እየበላ ያፈነዳዋል። ላስቲኩ ደህና ከሆነ ሽቦው ላልቷል ማለት ነው። በእጅ የምትዞረዋን ማስተካከያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ አዙሩ። ካልበቃ ሽቦውን የያዘውን ብሎን አላሉ፣ ሽቦውን በፒንሳ ሳብ አድርጉና መልሳችሁ አጥብቁ።

እጀታው ይከብዳል፣ ሲለቀቅም ቶሎ አይመለስም

ሽቦው ልባሱ ውስጥ ዝጓል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ከሽቦው ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ለነገ አትበሉ።

ይጮሃል

ካጸዳችሁም በኋላ ከጮኸ የላስቲኩን አቀማመጥ አስተካክሉ። የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው 1 ሚሊሜትር ያህል ቀድሞ መንካት አለበት። ያለቀ የሞባይል ካርድ አጥፋችሁ በኋለኛው ጫፍና በቸርኬው መካከል አስገቡ፤ እጀታውን ጨምቃችሁ ይዛችሁ የላስቲኩን ብሎን አጥብቁ፤ ካርዱን አውጡ።

ዝናብ ሲዘንብ ዘግይቶ ይይዛል

ይህ ብልሽት አይደለም። ላስቲኩ መጀመሪያ ውሃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት። ቁልቁለት ከመግባታችሁ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ፣ ርቀታችሁንም ጠብቁ።

ቸርኬውን ስታጸዱ ዳሩን በአውራ ጣት ዳብሱት። ብዙ ቸርኬዎች ላይ ማለቁን የምታሳይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አለች። እሷ ከጠፋች፣ ወይም ዳሩ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ብረቱ ሳስቷል። የጎማው ንፋስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ሳይክሉን አቁሙና ቸርኬውን አስቀይሩ።