የድሮ የፖስታ አውሮፕላን ሠርቶ በሲሙሌተር ከጅማ ማብረር፦ እንዴት እንደሚሰራ

ሲሙሌተር በረራን የሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ አውሮፕላኑንም የምንሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ፖቴዝ 25 የተባለውን አውሮፕላን ነው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ይኸው የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። በዚያው ዘመን ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የአንዲስን ተራሮች እየተሻገረ ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ ስለዚህ የእኛ ከፍታ አያስደነግጠውም።

ፕሮግራሞቹ በነጻ ይገኛሉ፦ ለበረራው ፍላይትጊር፣ ለቅርጹ ብሌንደር፣ ለቀለሙ ጊምፕ። ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ኔትወርክ በሚፈጥንበት ሌሊት አውርዱ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና ብሌንደር በየደቂቃው በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት።

ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚያሳየውን ንድፍ ፈልጋችሁ ብሌንደር ውስጥ ከጀርባ አስቀምጡ። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 14.14 ሜትር ነው፤ ንድፉን በዚህ ልክ አስተካክሉ፣ በዓይን መገመት አያዋጣም። የታችኛው ክንፍ በግልጽ ያጥራል፤ እኩል ካደረጋችሁት ሌላ አውሮፕላን ወጣ ማለት ነው። የቀኙን ጎን ብቻ ሥሩ፣ ግራውን ሚረር የሚባለው መሣሪያ ይጨርስላችኋል። ቀለሙን ከፎቶ ውሰዱ።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን የበረራ ባሕርዩ ነው። ኤሮማቲክ የተባለው መሣሪያ ክብደትና ስፋት ሲሰጡት የመነሻ ፋይል ያወጣል፤ ሞተሩን ግን እናንተው አስተካክሉ። የፖቴዙ ሎሬን ሞተር 12 ሲሊንደር፣ 24.4 ሊትር፣ 450 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ስለሌለው በፋይሉ ውስጥ ያንን ቁጥር ዜሮ አድርጉት። ፍሬን አትስጡት፤ በጅራት ጎማ ፈንታም መሬት የሚጭር ስኪድ አድርጉለት።

አሁን ወደ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ውሰዱት። ሜዳው ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ከ450 ወደ 370 ገደማ መውረድ አለበት፤ የከሰዓት ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በዚያው ጭነት ጅቡቲ ላይም አስነሱትና የሮጠበትን ርቀት አወዳድሩ። እኩል ከሆነ ፋይሉ ውሸታም ነው፤ ሱፐርቻርጀሩን ድጋሚ እዩ። ጅማ ላይ ከልክ በላይ ከደከመ ደግሞ ከአየር ጋር የሚደባለቀውን ነዳጅ ለከፍታው ቀንሱ።

የፖስታ ከረጢቱንም አትርሱ። በፋይሉ ውስጥ 100 ኪሎ የሚመዝን ነጥብ አድርጋችሁ ኋለኛው መቀመጫ ላይ ጫኑት። ጥቂት ወደ ኋላ ስትገፉት ጅራቱ ይከብዳል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይላል፤ አብራሪው እጀታውን ሳይጫን ቀጥ ብሎ የሚበርበትን ቦታ እስክታገኙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ለሙከራ በረራ አዲስ አበባ ትበቃለች፤ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 170 ከሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጂፒኤሱን አጥፉና በኮምፓስና በሰዓት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዙ፤ የጊቤ ሸለቆ መንገዳችሁን ያረጋግጥላችኋል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ስታርፉ የፍጥነት መለኪያው 100 ቢል ነፋስ በሌለበት መሬቱ ላይ የምትሮጡት 112 ገደማ ነው፤ ፍሬን የለምና ሜዳው ገና ሲጀምር ጎማውን አስነኩ።